ጨውን የሚቋቋም ዘር እንዴት ይለያል? የሹገር ቢት ምሳሌ

ለቦረና አርብቶ አደር ጨው ሀብት ነው። ከያቤሎ ወደ ሞያሌ ከሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው ኤል ሶድ፣ ሰዎች ከእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ሐይቅ ጨውና ጥቁር ጭቃ እያወጡ ለከብቶቻቸው ያውላሉ። ለአራሽ ግን ያው ጨው የምርት ጠር ነው። ዝናቡ ከትነቱ በእጅጉ በሚያንስባቸው፣ እንደ ሞያሌ ባሉ ደረቅ ቆላዎች መስኖ ሲታሰብ የጨው ነገር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ለዚህ የመካከለኛው አዋሽ ታሪክ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። በአፋር ክልል በአሚባራ አካባቢ ለጥጥ የተዘረጉት የመስኖ እርሻዎች በቂ የውኃ ማጠንፈፊያ ስላልነበራቸው የከርሰ ምድሩ ውኃ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ። ውኃው በተነነ ቁጥር ሟሙቶ የነበረው ጨው በአፈሩ ገጽ ላይ ቀረ፤ ሰፊ መሬትም ከምርት ውጭ ሆነ። በስፍራው የሚገኘው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ጨውን የሚቋቋሙ ሰብሎችንና የመኖ ዕፅዋትን ሲፈትሽ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጨው ተክልን በሁለት መንገድ ይጎዳል። በመጀመሪያ የአፈሩን ውኃ ለሥሩ እንዳይለቅ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠማል። ቀጥሎም ሶዲየምና ክሎራይድ በቅጠሉ ውስጥ እየተከማቹ ይመርዙታል። የጨዋማነቱ መጠን የሚታወቀው ከአፈሩ የተጣራው ውኃ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ በመለካት ሲሆን፣ መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። ከ4 በላይ የሚለካ አፈር በተለምዶ ጨዋማ ተብሎ ይመደባል።

ኢትዮጵያ የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረበት ከ1946 ዓ.ም. አንሥቶ ስኳር የምታመርተው ከሸንኮራ አገዳ ነው። በሌላው ዓለም ስኳር የሚገኝበት ሁለተኛው ሰብል ሹገር ቢት ነው። ይህ ተክል ከስኳር ድንች ጋር ዝምድና የለውም፤ ዘመዱ ቀይ ሥር ሲሆን፣ ሥሩ ግን ነጭ ነው። የዱር ቅድመ አያቱ በአውሮፓ የባሕር ዳርቻ የሚበቅል በመሆኑ ጨውን የመቻል ጠባይ ወርሷል። ማስና ሆፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ሠንጠረዥ መሠረት፣ የአገዳ ምርት መቀነስ የሚጀምረው አፈሩ ከ1.7 ሲያልፍ፣ የሹገር ቢት ደግሞ ከ7 ሲያልፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 1 ዴሲሲመንስ የሁለቱም ምርት 5.9 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ 10 በሚለካ አፈር ላይ አገዳ የምርቱን ግማሽ ገደማ ሲያጣ፣ ሹገር ቢት የሚያጣው 18 በመቶ ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ይህ የበረታው ተክል ልክ ነው። ዘሩ በሚበቅልበት ወቅት ጨዋማነቱ ከ3 ባይበልጥ ይመረጣል። እንግዲህ «ጨውን ይቋቋማል» የሚለው ቃል መቼና በምን ተለክቶ እንደሆነ ካልተነገረ ብዙም ትርጉም አይኖረውም። አዲስ ዝርያ ለማውጣት የሚዳቀሉት የዘር መስመሮች ከአንድ በላይ በሆነ ፈተና የሚያልፉትም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የብቅለት ነው። ዘሩ በተለያየ መጠን ጨው በተቀላቀለበት ውኃ እየራሰ፣ ስንቱ እንደበቀለና በስንት ቀን እንደበቀለ ይቆጠራል። ሥራው ርካሽና ፈጣን ስለሆነ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮችን በአንድ ጊዜ ለመፈተሽ ያስችላል። ነገር ግን በሳህን ላይ ቀድሞ የበቀለ ሁሉ በማሳ ላይ ይቀድማል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የማሳ ፈተና ነው። ጨዋማ መሬት በጥቂት እርምጃ ልዩነት ጠባዩ ስለሚለዋወጥ፣ አንዱ መስመር ያማረው በጥንካሬው ሳይሆን የደረሰው ቦታ ስለተሻለ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም እያንዳንዱ መስመር በተለያየ ቦታ ተደጋግሞ ይዘራል፤ ጠባዩ የታወቀ ዝርያም ለማነጻጸሪያ በየመካከሉ ይገባል፤ አፈሩም በየመደቡ ይለካል። ውጤቱ ሲነበብ ደግሞ የምርቱ ቅናሽ ብቻውን አይበቃም። በደኅና መሬት ላይ ድሮውንም ጥቂት የሚሰጥ መስመር በጨው ብዙም ላይቀንስ ይችላል፤ ለገበሬው ግን የሚጠቅመው በጨዋማው መሬት ላይ በእርግጥ የሚያገኘው ምርት ነው።

ሦስተኛው ፈተና በፋብሪካው በኩል ያለው ነው። ሹገር ቢት ሶዲየምን በቀላሉ ወደ ውስጡ ያስገባል፤ ይህም ጨው ባለበት አፈር እንዲኖር ይረዳዋል። በሥሩ ውስጥ የበዛ ሶዲየም ግን ስኳሩ ጠጥሮ እንዳይለይ ስለሚያደርግ ከፊሉ ከሞላሰስ ጋር ይቀራል። በመሆኑም በሚዛን ላይ የከበደው ሥር ሁልጊዜ ብዙ ስኳር የሚሰጥ አይደለም።

ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ተመርጦ የተሠራጨ ዘር ጉዳቱ የሚታየው በምርምር ጣቢያው ሳይሆን ወቅቱን፣ ውኃውንና ጉልበቱን ባፈሰሰው ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ከዚህም ጋር፣ በሚገባ የተመረጠ ዘር እንኳ ጨውን ይችላል እንጂ ከመሬቱ አያስወግድም። ጨውን አጥቦ የሚያወጣው በቂ ውኃና ያንን ውኃ የሚያሳልፍ ማጠንፈፊያ ቦይ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ከምርት የወጣው መሬት እንደሚያስተምረው፣ ቦዩ ከመስኖው ጋር አብሮ ሊቆፈር ይገባል፤ የተመረጠው ዘርም የሚያግዘው ይህ ሲሟላ ነው።