የአዲስ አበባ ሰፈሮች

«ሰፈር» የሚለው ስም «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፥ ጥንተ ፍቺው ሠራዊት ድንኳኑን ተክሎ የሚያድርበት ቦታ ማለት ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ፍል ውሃ አጠገብ የተቆረቆረችውን ከተማ አዲስ አበባ ብለው ሲሰይሙ፥ አሰፋፈሩ የጥንቱን የንጉሥ ሰፈር ሥርዐት የተከተለ ነበር። ግቢው በኮረብታ ላይ ተተከለ፤ መኳንንቱም በዙሪያው ቦታ እየተመሩ ወታደሮቻቸውንና አሽከሮቻቸውን በአጠገባቸው አሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ብሩ ሰፈር ከባለ ቦታዎቹ፥ ሠራተኛ ሰፈርም ከግቢው የእጅ ባለሙያዎች ስማቸውን ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም የተነሣ ባለጸጋና ድኻ ጎን ለጎን መኖራቸው የከተማይቱ ጠባይ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በዐዋጅ ሲወሰን፥ የጌታና የአሽከር ግንኙነት ቢቀርም ጉርብትናው በዕድርና በማኅበር ጸንቶ ቆየ።

ዛሬ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ላይ ሰፋፊ ጎዳናዎችና ፎቆች ይሠራሉ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፥ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ርቀው ወደሚገኙ መኖሪያዎች ተዛወሩ። የሰፈር ስም በታክሲ ረዳት ጥሪ ሊቆይ ይችላል፤ ዕድር ግን የሚጸናው ለቅሶ ሲሰማ ፈጥኖ በሚደርስ ጎረቤት ነው። ስለዚህ የሰፈርን ታሪክ የሚያጠና ሁሉ፥ ከስሙና ከቤቱ አሠራር አስቀድሞ፥ ማን ከማን ጋር ይቀባበር እንደ ነበረ ሊመዘግብ ይገባዋል።