ስለ ኮምፒዩተር ሥልጣን አጠባበቅ

ሥልጣን ለሰው የሚሰጠው ለሥራ ነው እንጂ ለክብር አይደለም። ሥራው ካለቀ በኋላ በእጅ የሚቀር ሥልጣን ግን ለባለቤቱም ለሕዝብም አደጋ ነው። ይህን እውነት አባቶቻችን በግምጃ ቤት አጠባበቅ ዐውቀውታል፤ እኛም በኮምፒዩተር አጠባበቅ ልናውቀው ይገባናል።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጎሮ፣ የአይሲቲ ፓርክ የሚባለው ስፍራ ይገኛል። እንደ ራክሲዮና እንደ ዊንጉ ያሉ ድርጅቶች የዳታ ማዕከል ያቆሙት በዚሁ ነው። ቀድሞ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ይቀመጥ የነበረው ሰነድ ዛሬ ዛሬ እንዲህ ባለ ቤት መቀመጥ ጀምሯል። በሩን ዘበኛ ይጠብቀዋል፤ ግንቡም ጽኑ ነው። ነገር ግን አድሚን የሚባለው የኮምፒዩተር አስተዳዳሪ በሩን ሳይነካ፣ ከሩቅ ኾኖ፣ ሰነዱን ለመለወጥ፣ ለመሰረዝ፣ ለሌላውም ፈቃድ ለመስጠት ይችላል። ስለዚህ እውነተኛው ቁልፍ በዘበኛው ወገብ ያለው ሳይኾን የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ነው።

ጉዳት የሚመጣው ከሌባ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለመጋቢት 7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ያስታውስ። ባንኩ እንደ ገለጸው፣ ነገሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይኾን በራሱ ሲስተም ላይ ከተደረገ ማሻሻያ የተነሣ ስሕተት ነበር፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጣ። ከዚህ የምንማረው፣ ሲስተምን ለመለወጥ የሚችል እጅ ቅን ቢኾን እንኳ፣ ስሕተቱ እንደ ሌላው ሰው ስሕተት ትንሽ ኾኖ እንደማይቀር ነው።

እንግዲህ ጥንቃቄው ምንድን ነው? አስተዳዳሪው ደብዳቤ ለመጻፍና መልእክት ለማንበብ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ተራ መግቢያ ይኑረው፤ የአስተዳዳሪነቱን መግቢያ ለዚያው ሥራ ብቻ ይክፈተው፤ ሲጨርስም ይዝጋው። በተንኮል የተላከ መልእክት ቢከፍት፣ ተንኮለኛው የሚያገኘው ሥልጣን የከፈተው ሰው ያለውን ያህል ነውና። አንድ የይለፍ ቃል ለብዙ ሰው አይሰጥ፤ የሁሉ የኾነ ጥፋት የማንም አይኾንምና። ትልቅ ለውጥ ሲደረግ ሁለተኛ ሰው አስቀድሞ ይመርምረው። የተሠራውም ሁሉ ሠሪው ሊፍቀው በማይችል መዝገብ ይጻፍ። የተሰናበተ ወይም የተዛወረ ሠራተኛ ፈቃዱ በዚያው ቀን ይነሣ። አለቃም አለቃ ስለ ኾነ ብቻ ለሥራው የማያስፈልገውን ፈቃድ አይጠይቅ።

ሕጉም ይህን ይደግፋል። የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958/2008 የሚቀጣው ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ ሳይኾን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የገባውንም ነው።

ለካህናት ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሙዳየ ምጽዋት በምስክሮች ፊት ተከፍቶ፣ ተቈጥሮ፣ በደረሰኝ ይመዘገባል እንጂ አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። ይህም ካህኑን ለመጠርጠር ሳይኾን ከሐሜት ለመጠበቅ ነው። ሹማምንትም ለኮምፒዩተር አስተዳዳሪዎቻቸው እንዲሁ ቢያደርጉ፣ የሕዝቡን ሰነድ ከጥፋት፣ ታማኙንም ሠራተኛ ከሐሜት ያድናሉ።