ስለ እንጀራ መሻገትና ስለ አዲሱ መጠቅለያ

እንጀራ ሦስት አራት ቀን ሲያድር መሻገቱን የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። ይልቁንም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንቅ የሚልኩ እመቤቶች ነገሩን ጠንቅቀው ያውቁታል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ስትሆን፥ ኮምቦልቻ ከርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ1,850 ሜትር ግድም ላይ ናትና፥ በብርዱ ደኅና የሰነበተው እንጀራ በሙቀቱ ፈጥኖ ይበላሻል። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ታስሮ የተላከ እንደ ሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ውሃ ይሆንና ተመልሶ በእንጀራው ላይ ይንጠባጠባል፤ ሻጋታም የሚወደው ይህንኑ ርጥበት ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የሆኑት ዘውዱ አሻግሬና ዳዊት አባተ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፥ እንደ ቤንዞይክ አሲድ ያለ መጠበቂያ በልክ ሲጨመር እንጀራ እስከ 12 ቀን ሊቆይ እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሻጋታ የሚነሣው ከእንጀራው ገጽ ሲሆን መጠበቂያው በመላው ይበተናል፤ በላተኛውም ሁሉንም አብሮ ይጐርሰዋል።

ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ሊቃውንት መጠበቂያውን በምግቡ ውስጥ መጨመር ትተው በመጠቅለያው ውስጥ የሚያኖሩበትን ዘዴ ፈለጉ። ከእህል ስታርች ወይም ከባሕር እንስሳት ቅርፊት ስስ መጠቅለያ ይሠሩና የጦስኝን ዘይት የመሰለ ነገር ያዋሕዱበታል። ምግቡ በሚተነፍሰው ርጥበት መጠቅለያው ሲለሰልስ፥ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየወጣ ከምግቡ ገጽ ይደርሳል፤ በጦስኝ ውስጥ የሚገኙት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉት ቅመሞችም የሻጋታውንና የረቂቅ ነፍሳቱን ሽፋን አፍርሰው እድገታቸውን ይገታሉ።

ነገሩ አዲስ ቢመስልም ለአገራችን ባልትና እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን የወተቱን ቅል በወይራ ሲያጥኑ፥ ጭሱ በቅሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ወተት ሲቀዳበት ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ ፈጥኖ እንዳይበላሽ ያግዘዋል። ዕቃው ራሱ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ እናቶቻችን በአፍንጫቸው የለኩትን ሊቃውንቱ በሚዛን መለካታቸው ነው። ጦስኙም ቢሆን በደጋችን የሚበቅል ስለ ሆነ፥ በኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይህን በእንጀራ ላይ ቢሞክረው መልካም ይመስለናል። የጣዕሙ ነገር ግን ይታሰብበት፤ የወይራ ሽታ በወተት ይወደዳል፥ ጦስኝ ጦስኝ የሚል እንጀራ ግን ከዶሮ ወጥ ጋራ ማን እንደሚያቀርበው እንጃ!

ከጣዕሙ ይልቅ የሚያሠጋው ግን ሌላ ነው። መልካም ሽታ የተበላሸውን ምግብ ሊሸፍን ይችላልና፥ የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለ መጠቅለያ የምግቡን መበላሸት ደብቆ ገዢውን እንዳያታልል ከልክሏል። መጠቅለያው ጤነኛውን ምግብ ያቆያል እንጂ የተበላሸውን አያድንም። በየቤታችንም የሻገተውን ጫፍ ቀዶ የቀረውን መብላት፥ ወይም አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ አይገባም፤ የሻጋታው ሥር ዓይን ከሚያየው አልፎ ይሄዳል፥ አንዳንዱ ሻጋታ የሚያወጣውም መርዝ በፀሐይ ወይም በምጣድ አይጠፋም። ለድርቆሽ የታሰበው እንጀራ ገና ጤነኛ ሳለ በሁለተኛው ቀን ይሰጣ።