ጥርስን ነክሶ መቻል



«ኮንትራቴ እስኪያልቅ ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ» ስትሉ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አነጋገሩ የትዕግሥት ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሳናውቀው በእውነትም ጥርሳችንን ነክሰን እንውላለን፣ ነክሰንም እናድራለን።

ከመካከላችን አንዷ እህት ጠዋት ስትነሳ መንጋጋዋ ዝሎ፣ ከጆሮዋ ሥር እስከ ራሷ ድረስ ያማት ነበር። ጥርሷ የተበላ መስሏት በእረፍት ቀኗ ሄዳ አንድ መንጋጋ ጥርስ አስነቀለች። ሕመሙ ግን አልተዋትም። በኋላ ሌላ ሐኪም አይቷት «ሌሊት ጥርስሽን ታፋጫለሽ?» ሲል ጠየቃት። እሷ አታውቅም። አብራት የምትተኛው የማዳም ትንሽ ልጅ ግን ድምፁን በየሌሊቱ ትሰማ ኖሯል። የተነቀለው ጥርስ ጤነኛ ነበር።

ጭንቀትና ጥርስን ምን ያገናኛቸዋል?

ሰው አደጋ ሲመጣበት ልቡ ይመታል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ አፉ ይደርቃል። አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ወደ ቦታው ይመለሳል። ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ፣ ፓስፖርት በሰው እጅ ሲሆን፣ ከአገር ቤት የሕመም ወሬ ሲመጣ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ስንጠራ ግን አደጋው አያልፍም። ሰውነትም እንደ ተወጠረ ይቆያል። ይህ በአፋችን ላይ በብዙ መንገድ ይታያል።

አንደኛ፣ ጥርስ ይፋጫል። የመንጋጋ ጡንቻ በጣም ብርቱ ነው። ሌሊቱን ሲሠራ ካደረ የጥርስ ጫፍ ይበላል፣ ይሰነጠቃል፣ ራስም ያማል።

ሁለተኛ፣ ምራቅ ያንሳል። ምራቅ የምግብ ትራፊን ያጥባል፣ ጥርስንም ከአሲድ ይጠብቃል። አፍ ሲደርቅ ጥርስ ቶሎ ይበላል፣ አፍም ይሸታል።

ሦስተኛ፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ይዳከማል። ድድ ያብጣል፣ ይደማል። ትናንሽ የአፍ ቁስሎች ይወጣሉ። «ምች መታኝ» የምንለው የከንፈር ቁስልም በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ነው፤ በጭንቀትና በድካም ጊዜ ይነሣል።

ከ1914 እስከ 1918 በነበረው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በምሽግ የኖሩ ብዙ ወጣት ወታደሮች ድዳቸው በድንገት ቆሰለ፣ ደማ፣ አፋቸውም ክፉኛ ሸተተ። እንቅልፍ ማጣት፣ ፍርሃት፣ የምግብ ጉድለት፣ ሲጋራና አፍን ለማጽዳት አለመቻል ተደምረው ነው ያመጡባቸው። ይህ በሽታ ዛሬም አለ፣ በሐኪም ሕክምናም ይድናል። ስለዚህ ድዷ የታመመ እህት እንደ ሰነፍ ወይም እንደ ቆሻሻ ልትታይ አይገባም።

ሆኖም ጭንቀት ብቻውን ጥርስን አይቦረቡርም። ጥርስን የሚቦረቡሩት ጀርምና ስኳር ናቸው። ጭንቀት በሩን ይከፍትላቸዋል። ደክሞን ሳንቦርሽ ስንተኛ፣ በምግብ ፈንታ ስኳር የበዛበት ሻይ ቀኑን ሙሉ ፉት ስንል በሩ ይበልጥ ይከፈታል።

ምን እናድርግ?

ሥራ ላይ ሳላችሁ መንጋጋችሁን አስታውሱ። ከንፈር ይገጠም፣ ላይኛውና ታችኛው ጥርስ ግን አይነካኩ። ማታ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጉንጭ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል መያዝ ጡንቻውን ያላላል። ጥርስ ሐኪም ሌሊት የሚደረግ የጥርስ መከላከያም ሊሠራ ይችላል።

በቀን 2 ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሹ። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት ይሁን። ብሩሽ ያጣች እህት አገር ቤት እንደምናውቀው መፋቂያ ትጠቀም፤ እዚህ ዓረቦቹ ሚስዋክ የሚሉትን በየሱቁ ታገኛለች። ድድ ደማ ብላችሁ መቦረሽ አትተዉ፤ በለሰለሰ ብሩሽ በቀስታ አጽዱት። ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ።

ለቆሰለ አፍ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡና ትፉት። ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል በሐኪም ይታይ።

አስፕሪን ድድ ላይ አታስቀምጡ፤ ያቃጥላል። ቅርንፉድ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ባለ 500 ሚሊግራም ፓናዶል በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥ፤ የጉበት ሕመም ያለባት አስቀድማ ሐኪም ትጠይቅ። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም አትግዙ።

ጥርስ ከመነቀሉ በፊት «ራጅ ይነሣ፤ ሳይነቀል መዳን አይችልም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን እስከ እረፍት ቀን አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። በሊባኖስ ያላችሁ ለማዳም «ዲርሲ ዓም ዩጃዕኒ፣ በዲ ሐኪም ስናን» በሏት፤ ጥርሴን እያመመኝ ነው፣ የጥርስ ሐኪም እፈልጋለሁ ማለት ነው።

እህቶቻችን፣ «አትጨነቁ» ብንላችሁ ቀልድ ይሆንብናል። ያልተከፈለ ደመወዝና የተነፈገ እረፍት በጨው ውኃ አይታጠብም። ግን የሆድን በሆድ ይዞ መኖርም ዋጋ አለው፤ በቀን የዋጥነውን ሌሊት መንጋጋችን ያኝከዋል። ለምታምኗት እህት ንገሯት። በእረፍት ቀናችሁም ወደ እኛ ኑ፤ ቁጭ ብለን እንሰማችኋለን፣ ሐኪም ዘንድ የምትሄድ ካለችም አብረናት እንሄዳለን።