ቮልስ ሌባን እንዴት እምቢ ትበል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ገና ጡረታ አልወጣችም። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ቅዳሜ ሙሽራ ታጅባለች፣ በሁለተኛ ማርሽ እያጓራች የእንጦጦን ዳገት ትወጣለች። በታሪካችንም ቦታ አላት፤ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ከወጣች ወዲህ አዲስ አልተሠራችም። ብትሰረቅ ኢንሹራንስ ገንዘብ ይከፍል ይሆናል፤ አባት ለልጁ ያወረሳትን መኪና ግን አይመልስም።

የዛሬ መኪና ቁልፍ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ። የሞተሩ ኮምፒውተር የቺፑን ኮድ አንብቦ ካላወቀው ሞተሩ አይነሳም። እንግሊዝ ይህን መሰል መከላከያ ከጥቅምት 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ አድርጋለች። የቮልስ ቁልፍ ግን እንደ መኝታ ቤት መብራት ማብሪያ ነው፤ የጫነው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ቁልፉን አልፎ ሽቦዎቹን ማገናኘት የቻለ ሰው ሁሉ ባለቤት ይመስላታል።

እንዴት እንደሚከላከሏት ለማወቅ እንዴት እንደምትነሳ ማየት ይበጃል። ኤሌክትሪኩ ከኋላ ወንበር ሥር ካለው ባትሪ ተነስቶ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ቁልፉ ሲዞር መንገድ ያገኝና ሞተሩ አጠገብ ወዳለው ኮይል ይደርሳል። ኮይሉ 15 እና 1 የሚል ቁጥር ያላቸው ሁለት ጫፎች አሉት። ኤሌክትሪኩ በ15 ገብቶ፣ በ1 ወጥቶ፣ ዲስትሪቢውተሩ ጋ ወዳለችው ፑንቲና ያልፋል። ፑንቲናዋ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ስትዘጋ ኤሌክትሪኩ በኮይሉ አልፎ ወደ መኪናዋ አካል ይወርዳል፤ ኮይሉም ማግኔት ይሆናል። ድንገት ስትከፈት ፍሰቱ ይቋረጣል፣ የማግኔቱ ኃይል ይፈርሳል፣ በዚያች ቅጽበትም ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይፈጠራል። ይህን የዲስትሪቢውተሩ ሮተር እየተሽከረከረች ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ ታድላለች።

የካንዴላዎቹን ብልጭታ የሚወልደው እንግዲህ የኤሌክትሪኩ መቋረጥ ነው። ሌባን የሚረታው ብልሃትም የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የሞተሪኖውን ሽቦ በድብቅ ማብሪያ መቁረጥ ነው። እኔ ለቮልስ አልመክረውም። ክብደቷ 800 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው ይገፋታል። ቁልቁለት ካገኘች ደግሞ ገፊም አያስፈልጋትም፤ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ይበቃል። ዳገትና ቁልቁለት በሞላበት ከተማ ሞተሪኖ መቁረጥ ሌባውን ላብ ከማስወጣት አያልፍም።

የተሻለው ወደ 15 የሚሄደውን ሽቦ በድብቅ ማብሪያ ማቋረጥ ነው። ኮይሉ ኤሌክትሪክ ካላገኘ መኪናዋ ብትገፋም አትነሳም። ድክመቱ ግን አለ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሌባ ከባትሪው በቀጥታ ሌላ ሽቦ ወደ ኮይሉ ሊስብ ይችላል።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሦስተኛውን መንገድ ነው። ከ1 ላይ አንድ ቀጭን ሽቦ ስቦ በድብቅ ማብሪያ በኩል ከመኪናዋ አካል ጋር ማገናኘት። ማብሪያው ሲበራ ፑንቲናዋ ብትከፈትም ኤሌክትሪኩ በጎን መውረዱን ይቀጥላል። ካልተቋረጠ ደግሞ ብልጭታ የለም። ሌባው ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ ቢስብም ለውጥ አያመጣም። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም፤ መኪናዋ የተበላሸች ትመስለዋለች። ሌባ ደግሞ ብልሽት የሚፈልግበት ጊዜ የለውም።

ይህን ሲያሠሩ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ማብሪያው በርቶ ሳለ ቁልፉን ከፍቶ መተው ኮይሉን ያግለዋል፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። ሽቦው ደግሞ መሸፈኛው ተልጦ በጉዞ ላይ አካሉን ከነካ ሞተሩ መሃል መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥሩ ሽቦና ንጹሕ እጅ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይፈልጋል። ፑንቲናዋ በኤሌክትሮኒክስ በተተካባት ቮልስ ላይ ግን የመሣሪያው መመሪያ ሳይታይ 1ን መንካት አይገባም።

ገንዘብ የማይጠይቀው መንገድ ሮተሯን አውጥቶ ኪስ መክተት ነው። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን የያዙትን ሁለት መቆንጠጫዎች ፈታ፣ ሮተሯን ወደ ላይ ሳብ፣ ክዳኑን መልሶ ግጥም፤ ይኸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940 እ.ኤ.አ.፣ የብሪታንያ መንግሥት የጀርመን ጦር ቢያርፍ መኪኖች እንዳይጠቅሙት ፈርቶ ትቷቸው የሚሄድ አሽከርካሪ ሁሉ እንዳይነሱ አድርጎ እንዲሄድ አዝዞ ነበር፤ ብዙዎች ያደረጉትም ሮተር ማውጣት ነው። ሮተር ማውጣት በየቀኑ ሲያደርጉት ይሰለቻል። መኪናዋ ለሳምንታት ከቆመች ወይም ባለቤቷ ክፍለ ሀገር ከሄደ ግን ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

ቤንዚን መዝጋት ብቻውን ብዙ አይረዳም። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ሞተሩን አስነስቶ የተወሰነ መንገድ ያስኬዳል። በርካሽ ቧንቧ ላይ የተገጠመ ቫልቭ ደግሞ ካፈሰሰ እሳት ያመጣል።

ኤሌክትሪኩ ይህን ሁሉ ሲሠራ መኪናዋ ግን አሁንም ተገፍታ ወይም ተጎትታ ልትሄድ ትችላለች። ስለዚህ በዓይን የሚታይ ብረትም ያስፈልጋል፤ መሪውን ከፍሬን ፔዳሉ ጋር የሚያቆራኝ ቁልፍ ወይም ጎማ ላይ የሚገባ ማሰሪያ። የሚታየው ሌባውን ከሩቁ ይመልሰዋል፣ የማይታየው የደፈረውን ያስቀረዋል። ሁለቱ የሚጠይቁት መሣሪያና ችሎታ የተለያየ መሆኑ ነው ጥቅሙ። የፊት በሮቹ ላይ ያሉትን ሦስት ማዕዘን ትናንሽ መስኮቶች መያዣም ይፈትሹ፤ ካረጀ በቀላሉ ይፈለቀቃል፣ ከዚያ እጅ አስገብቶ በር መክፈት ነው።

ጂፒኤስ ለመግጠም የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቮልቱን ይጠይቅ። ጥንታዊዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው፤ ገበያ ላይ ያለው መሣሪያ ደግሞ አብዛኛው ለ12 እና ለ24 ቮልት የተሠራ ስለሆነ መቀየሪያ ይፈልጋል። ቆማ በምትውል መኪና ላይም ባትሪውን ቀስ እያለ ይጨርሳል። በስልክ ሞተር የሚያጠፋ ዓይነት ከሆነ መኪናዋ እየሄደች ሳለ ፈጽሞ አያጥፏት፤ በመንገዱ ላይ ሌሎች ሰዎች አሉ።

የሻንሲ ቁጥሯ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው የብረት ቦይ ላይ ተቀርጿል። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው ማቆሚያ በታች ነው። ሁለቱንም አጽድተው ፎቶ ያንሱ፣ ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። ማታ ሊብሬው ቤት ይግባ፤ ሌባ መኪናዋንና ሊብሬዋን አንድ ላይ ካገኘ መሸጡ ይቀለዋል።

ስለ ሰውም ልናገር። የቮልስ ቁልፍ ቺፕ ስለሌለው ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ በደቂቃዎች ይባዛል። ላቫጆም ሆነ ጋራዥ ሲያስገቧት የቤትና የሌላ ቁልፍ ነጥለው የእሷን ብቻ ይስጡ፣ ድብቅ ማብሪያው የት እንዳለም አይንገሩ፤ ራስዎ አስነስተው ያስረክቡ፣ ራስዎ አስነስተው ይረከቡ። ለሽያጭ ስትቀርብ ደላላው «ገዢው አንዴ ይሞክራት» ቢል ይሞክራት፣ እርስዎ ግን ከጎኑ ይቀመጡ። ቦታ ስትቀያየሩም ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ይዘው ይውረዱ።