የካምፓላ ሴቶችና የልጅ ዕዳ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 መጨረሻ ካምፓላ ውስጥ ቡኮቶ ሠፈር በሚገኝ የመካንነት ሕክምና ሆስፒታል አንዲት የ70 ዓመት አዛውንት በቀዶ ሕክምና መንታ ተገላገሉ። ፅንሱ የተገኘው በለጋሽ እንቁላል ነበር። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ብዙዎች ተአምር አሉት። እኔን የያዘኝ ግን እናትየው ለጋዜጠኞች የተናገሩት ነው፤ ባለመውለዳቸው ለብዙ ዓመታት ሲሰደቡና ሲፌዝባቸው ኖረዋል። በዚያ ዕድሜ ነፍስን ለአደጋ የሚያሰጠው የልጅ ናፍቆት ብቻ አይመስለኝም፤ ስድቡም አለበት።

ካምፓላ ቡጋንዳ በተባለው ንጉሣዊ ግዛት ምድር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቡጋንዳ ውስጥ መንታ የወለደች ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ «ናሎንጎ»፣ አባትየውም «ሳሎንጎ» ተብለው ይከበራሉ፤ ገበያም ሆነ ቢሮ የሚጠሩት በዚህ ማዕረግ ነው። የንጉሡ እናት «ናማሶሌ» ደግሞ በጥንቱ ሥርዓት የራሷ ግቢና ሹማምንት ነበሯት። ይህን ክብር አልነቅፍም፤ እናት ይገባታል። የሚያመኝ፣ ኡጋንዳዊት በአማካይ 5 ያህል ልጅ በምትወልድበት አገር ላልወለደችው ይህን የሚተካከል የክብር ቦታ አለመኖሩ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ባህል ላይ መደፍደፍም ትክክል አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ሐኪምም ሴቷን ወቅሷል። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የብሪታንያ ጦር ሐኪም የነበረው ኮሎኔል ላምብኪን ቂጥኝ ቡጋንዳን ሊጨርሳት ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ምክንያት ካደረጋቸው አንዱ የሴቶች ነፃነት ነበር። ቁጥሩ እጅግ የተጋነነ እንደነበር፣ ሌላ በሽታም ቂጥኝ ተብሎ እንደተቆጠረ ኋላ የመጡ የታሪክ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ጣቱ ግን ያኔም የተቀሰረው ወደ ሴቷ ነው።

ሕጉ ትንሽ ተራምዷል። በኦገስት 2015 የኡጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ትዳር ሲፈርስ ጥሎሽ ይመለስልኝ ማለት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ጥሎሹ ራሱ ግን አልተከለከለም። ከብት ተቆጥሮባት የገባች ሙሽራ የመውለድ ዕዳ እንዳለባት የሚያስብ አማት ዛሬም አለ።

ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይም ቀድማ የምትታየው ሴቷ ናት። የማሕፀን ቱቦ መዘጋቱን ለማየት ፈሳሽ ተረጭቶ ራጅ ይነሣል፤ ያማል። የወንዱ ምርመራ ግን ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ በትንሽ ብልቃጥ ናሙና መስጠት ብቻ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል፣ ሥቃይም የለውም። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ ድርሻ አለው። እንዲያም ሆኖ ፀበል ለፀበል፣ ባህል ሐኪም ለባህል ሐኪም ስትንከራተት ዓመታት የምታቃጥለው ሚስት ናት፤ ካምፓላም፣ አዲስ አበባም።

ስለዚህ ለባሎች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሚስታችሁ ላይ ጣት ከመቀሰሩ በፊት እናንተ ተመርመሩ፤ ውጤቱንም ለእናታችሁ ራሳችሁ ንገሩ።