ከቆርቆሮው እስከ ራስ፦ ሙቀት በሃና ቤቶች

ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ተነስቶ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ወደ ሰላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሃና የሚወርድ መንገደኛ፣ ማለዳ የደረበውን ጃኬት ገና መንገድ ላይ ሳለ አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል። ሃና ቆላ ናት፤ አካባቢዋም የቦዲ፣ የሙርሲ፣ የዲሜና የባጫ ሕዝቦች አገር ነው። በዚህ ቆላ የሣር ጎጆና የቆርቆሮ ቤት ጎን ለጎን ይኖራሉ። ቀትር ላይ ግን ሁለቱ ቤቶች እኩል አይደሉም። ባለ ቆርቆሮው ወንበሩን ይዞ ወደ ዛፍ ጥላ ይወጣል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ «ቆርቆሮ ይግላል»። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው አልተመለሰም። ጣሪያው ከሰው ራስ ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ግለቱ እንዴት ወረደ? ሞቃት አየር የሚወጣው ወደ ላይ ነው። ታዲያ ራስን የሚለበልበው ምንድን ነው?

ለመመለስ ሙቀት የሚሄድባቸውን ሦስት መንገዶች ማየት ያሻል። የመጀመሪያው ንክኪ ነው፤ በትምህርት ቤት ኮንዳክሽን የሚባለው። የጋለ ነገር ቅንጣቶች በኃይል ይርገበገባሉ፤ አጠገባቸው ያሉትን ይገፋሉ፤ እነዚያም በተራቸው ቀጣዮቹን። ቅንጣቶቹ ቦታቸውን አይለቁም፤ የሚተላለፈው መርገብገቡ ብቻ ነው። በብረት ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ነጻ ኤሌክትሮኖች ስላሉ ሥራው እጅግ ይፋጠናል፤ ብረት ሙቀትን ከእንጨት በመቶዎች እጥፍ ያስተላልፋል። የሐመር ሰዎች ከቡና ገለባ የሚያፈሉትን መጠጥ በቅል ይጠጣሉ። መጠጡ ከንፈር የሚልጥ ትኩስ ሆኖ ሳለ ቅሉን ያቀፈው እጅ አይቃጠልም። ያንኑ በብረት ኩባያ የተቀበለ እንግዳ ኩባያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀያይር ይታያል። የማለዳው የብረት በርም ከእንጨት በርጩማው ይልቅ የቀዘቀዘ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ያደሩ በመሆናቸው ሙቀታቸው እኩል ነው፤ ብረቱ ግን የእጅን ሙቀት ቶሎ ይነጥቃል።

በሁለተኛው መንገድ፣ በኮንቬክሽን፣ ሙቀቱን የተሸከመው ነገር ራሱ ይጓዛል። አየር ወይም ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይቀላል፤ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ድስት እሳት የሚያገኘው ከሥሩ ቢሆንም ውኃው እስከ ላይ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነገር የሚመረምር አንባቢ ይጠይቃል፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ጂንካ ከሃና ልትሞቅ አይገባም ነበር? ጥያቄው ተገቢ ነው። ፀሐይ በዋናነት የምታሞቀው መሬቱን ነው፤ አየሩ ሙቀቱን ከመሬት ይበደራል። ሞቆ የተነሣው አየር ከፍ ባለ ቁጥር ከላዩ የሚጫነው አየር እየቀነሰ ስለሚሄድ ይለጠጣል፤ ለመለጠጥ የሚያወጣው ጉልበት ከራሱ ሙቀት የሚቀነስ ነው። ደረቅ አየር 1,000 ሜትር ሲወጣ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያጣል። በተጨባጭ ከባቢ አየር ውስጥ፣ እርጥበትም ስላለ፣ አማካዩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ነው። የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ የሚገባበት ስፍራ ከፍታው 360 ሜትር ያህል ነውና ከጂንካ ጋር ሲነጻጸር በከፍታ ምክንያት ብቻ የ7 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠበቃል።

ሦስተኛው መንገድ መሸከሚያ አይፈልግም። በፀሐይና በምድር መካከል 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚያህል ባዶ ሕዋ አለ፤ ሙቀቷ ግን በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይደርሳል። ይህ ራዲዬሽን፣ ማለትም ጨረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሽል የተባለ በጀርመን ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የሚኖር የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በየቀለሙ ከፋፍሎ በቴርሞሜትር ለካ። ከቀዩ አለፍ ብሎ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ የተቀመጠው ቴርሞሜትር ከሁሉም በልጦ ሞቀ። ዛሬ ኢንፍራሬድ የሚባለው የማይታይ ጨረር የታወቀው በዚህ ሙከራ ነው። ድንጋይም፣ ከብትም፣ ሰውም ያለማቋረጥ ይለቁታል፤ የጋለ ነገር አብዝቶ ይለቃል። ሌሊት እሳት የከበቡ እረኞች ፊታቸው እየተለበለበ ጀርባቸውን የሚበርዳቸው ጨረር ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንመለስ። ፀሐይ ቆርቆሮውን በጨረር ትመታዋለች። ዝገት የለበሰ አሮጌ ቆርቆሮ ከአዲሱ ይልቅ ብዙ ይውጣል፤ ሙቀቱም ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የሉሁ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ግለቱ በንክኪ ወዲያው ወደ ውስጠኛው ፊት ያልፋል። በጣሪያው ሥር ያለው አየር ይሞቃል፤ ሆኖም ቀላል በመሆኑ እዚያው ይንሳፈፋል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። የተቀመጠውን ሰው አናት የሚያገኘው በአብዛኛው ከቆርቆሮው ውስጠኛ ፊት የሚፈልቀው ጨረር ነው። መስኮት መክፈት ብቻውን የማያጠግበውም ለዚህ ነው፤ ነፋስ አየሩን ይለውጣል፣ ጨረሩን ግን አይነካውም።

የሣር ክዳን ይህን ጉዞ ገና ከመነሻው ያውከዋል። በሣሩ ውስጥና በእያንዳንዱ አገዳ መካከል የታሰረ አየር አለ። ብረት ሙቀትን ከቆመ አየር 2,000 እጥፍ ገደማ አብልጦ ያስተላልፋል፤ አየሩ በሣሩ ስለታሰረ ደግሞ መዘዋወር አይችልም። ስለዚህ የክዳኑ ላይኛው ፊት ቢግልም ታችኛው ፊት ከክፍሉ አየር ብዙ አይበልጥም፤ የሚለቀውም ጨረር በዚያው ልክ ጥቂት ነው። ሙርሲዎች እንጨት አጉብጠው፣ በሣር ሸፍነው የሚሠሯት ዝቅ ያለች ጎጆ ያለ ፊዚክስ መምህር ይህን አሟልታ ይዛለች።

እንግዲህ ሁሉም ወደ ሣር ቤት ይመለስ ማለት ግን ቀልድ ነው። ሣር በእሳት ይያያዛል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ በየጊዜው እንደገና መክደን ይጠይቃል፤ የከተማ ነዋሪስ ሣሩን ከየት ያጭዳል? የቆርቆሮ ጣሪያ በበኩሉ የዝናብ ውኃ ወደ በርሜል ያወርዳል፤ ለቆላ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥፋቱ ያለው ቆርቆሮውን ራቁቱን መተው ላይ ነው።

ጨረሩ መንገዱ ላይ የሚጋርደው ነገር ካገኘ ግማሹ ችግር ይቃለላል። በየከተማው የሚታየው፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የሚወጠረው ርካሽ ኮርኒስ እንኳ የቆርቆሮውን ጨረር በራስ ፋንታ ይቀበላል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚጠራቀመው ሞቃት አየር መውጫ ያስፈልገዋልና፣ በግድግዳው አናት ላይ ፊት ለፊት ሁለት ቀዳዳ መተው ኮንቬክሽንን ያለ ክፍያ ሠራተኛ ማድረግ ነው። ጣሪያውን ነጭ መቀባትም ከሚመጣው ፀሐይ ብዙውን ይመልሳል፤ አቧራ ሲለብስ ግን ጥቅሙ ስለሚቀንስ መታጠብ ይኖርበታል። ገንዘብ ካጠረ ግን ኮርኒሱ ይቅደም፤ ቀዳዳዎቹም አይጥና የሌሊት ወፍ እንዳይገባባቸው ወንፊት ሽቦ ይለብሱ።